«ራስሽ ሥሪው» ላሉኝ ሥራ አስኪያጅ፦ ስለ ቤት ሠራሹ ማክና ስለ የኔታ ድምፅ

ለክቡር አቶ ፍሥሐ
የሦስቱ ወረዳዎች የድምፅና የምስል ቅርስ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ንፋስ መውጫ

ጉዳዩ፦ ለማስጠንቀቂያዎ የቀረበ ምስጋናና እምቢታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የጉና ብርድ በጠናበት በዚህ ሰሞን ጉንፋኑ የቢሮዎን ደጃፍ ሳይረግጥ እንዲያልፍ፣ ወገብዎም በዚያ በሚሽከረከረው ወንበር ላይ ከመቀመጥ ብዛት እንዳይታመም፣ ቤተሰብዎም በሰላም ውሎ በሰላም እንዲያድር እመኛለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን የምነግርዎ ደህንነቴ ያሳስብዎታል ብዬ አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት በጻፉልኝ ማስጠንቀቂያ ላይ «አስፈላጊው እርምጃ» የሚባል ነገር ስላነሱ፣ እርምጃው ሲመጣ በሙሉ ጤንነት እንደሚያገኘኝ አስቀድሜ ለማሳወቅ ነው።

መልሴን በፖስታ አሽጌ ብልክልዎ ለሁለታችንም ጨዋነት በሆነ ነበር። ሆኖም ማስጠንቀቂያውን ለእኔ ከመስጠትዎ በፊት በገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ በማድረግዎ፣ እኔ ከማንበቤ በፊት ሽንኩርት ሊሸምት የወጣው ሁሉ አንብቦታል። መልሱንም ያው ሰው ሳያነብ ቢቀር ደስ የማይልዎ መስሎኝ እዚያው ሰሌዳ ላይ፣ ከእርስዎው ወረቀት ጎን ለጥፌዋለሁ።

ለማያውቀኝ አንባቢ ስሜ ሀጂራ መሕቡብ ይባላል። ከመናኸሪያው ጀርባ የፎቶና የቪዲዮ ቤት አለኝ፤ ሠርግ፣ ኒካሕ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የመጣልኝን ሁሉ አቀናብራለሁ። ካሜራውን የሚይዘው የሥራ ባልደረባዬ ልመንህ ነበር። እሱ ይቀርጻል፣ እኔ እቆራርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። ከሥራችን ውጭ ግን ልመንህ የራሱ የሆነ፣ ማንም ያላዘዘው አንድ ፊልም ነበረው፤ የቤተ ልሔሙ የድጓ መምህር የየኔታ ገብረ ሚካኤል ፊልም።

የኔታ ዓይናቸው በስተርጅና ደክሞ ነበር፤ ድምፃቸው ግን አልደከመም። ልመንህ ከሥራ ያረፈ ቀን ሁሉ ካሜራውን አንግቶ ወደ ቤተ ልሔም ይሄድና ሲያስተምሩ ይቀርጻቸዋል፤ ድምፁን ለብቻው በሌላ መቅጃ ይይዛል። ከዚያ ላፕቶፑን አጠገባቸው ከፍቶ፣ የቀረጸውን አንድ በአንድ እያሰማ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ራሳቸው እንዲነግሩት ያደርጋል። አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ከበሩ ላይ ሆኜ ሰምቻቸዋለሁ። «ይሄ የዚያኛው ቀዳሚ ነው» ይሉታል፤ «ይሄን ደግሞ ጣለው፣ የዚያን ዕለት ጉሮሮዬ ዘግቶኝ ነበር።» እሱም ይጥላል። ድምፁና ምስሉ የተጋጠሙት፣ ቅደም ተከተሉ የተበጀው፣ ከሥር የሚሄደው የአማርኛ ፍቺ የተጻፈው እንዲህ በእሳቸው ቃል ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ በማክ ኮምፒውተር ላይ ብቻ በሚከፈት የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የተሠራ ነበር። ቁርጥራጩን ምስል በሌላ ኮምፒውተር ማየት ይቻላል፤ የኔታ ያበጁትን መልክ ግን ያለ ማክ ማየት አይቻልም።

የኔታ ፊልሙ ተጠናቆ ሳይወጣ ዐረፉ። ብዙም ሳይቆይ ልመንህ ወገዳ ሠርግ ቀርጾ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከተማው ያውቀዋል። ላፕቶፑ እንዳልነበረ ሆነ። የፊልሙ ሥራ ያለበት ውጫዊ ዲስክ ግን በጋቢው ተጠቅልሎ ስለነበር ተረፈ።

ባለቤቱ ባንቺዓለም ከአርባው በኋላ ዲስኩን ይዛ ሱቄ መጣች። አልተቀመጠችም። «ሀጂራ፣ እኔ ይሄን ነገር መክፈት አላውቅም» አለችኝ። «የኔታ ሙት ዓመታቸው ሲደርስ ደቀ መዛሙርታቸው ከየአገሩ ቤተ ልሔም ይሰበሰባሉ። ልመንህ ያን ቀን አሳያቸዋለሁ ሲል ነበር። አንቺ ጨርሽው።»

እሺ አልኳት። ማክ እንደሌለኝ ለራሴ ትዝ ያለኝ እሷ ከሄደች በኋላ ነው።

ባሕር ዳር ወርዶ መሥራት ይቻል ነበር የሚል አይጠፋም። መንገዱ አንድ ሰሞን ሲከፈት ሌላ ሰሞን ሲዘጋ፣ ኢንተርኔቱም እንደ መንገዱ ሲሆን፣ ያንን ዲስክ ይዞ መኪና ላይ ለመውጣት ባንቺዓለምም እኔም ልብ አልነበረንም። አንድ ጊዜ ከሚኒባስ ተርፏል፤ ሁለተኛ ልንፈትነው አልፈለግንም። ደግሞስ እዚሁ ንፋስ መውጫ፣ ስሙ «የድምፅና የምስል ቅርስ» የሆነ ማዕከል እያለን የት እንሄዳለን?

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ስለ ሰጡኝ መመሪያ።

አንድ ጠዋት ዲስኩን ይዘን ከባንቺዓለም ጋር ቢሮዎ ስንገባ ያስታውሱ ይሆናል። እሷ ጥቁር ለብሳ ነበር። ከጠረጴዛዎ ጎን በእርዳታ የመጣው ትልቁ ማክ የፋብሪካ ላስቲኩ እንኳ ሳይገፈፍ ተቀምጧል። የጠየቅንዎ ትንሽ ነገር ነበር፤ እርስዎ ባሉበት ዲስኩን ሰክተን፣ ፊልሙን አውጥተን እንድንሄድ።

«ይህ ንብረት ነው» አሉን። «ለመጣ ሁሉ ሲከፈት አይውልም።»

«ጌታዬ፣ የባለቤቴ ሥራ እኮ ነው፤ የየኔታም ድምፅ ነው» አለችዎ ባንቺዓለም።

ለእሷ መልስ ሳይሰጡ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የመሕቡብ።»

«የጨርቅ ነጋዴው መሕቡብ? ታዲያ አንቺን ድጓ ምን አገባሽ?»

«የጎረቤትሽ ለቅሶ ምን አገባሽ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም» ብዬ መለስኩልዎ። ይህን ስል ድምፄ ትንሽ ከፍ ብሎ ከነበረ አሁንም ዝቅ አላደርገውም።

እርስዎም ከት ብለው ስቀው «ማክ ካስፈለገሽ ግዢ። ካልሆነ ራስሽ ሥሪው» አሉኝ።

ማዕከሉ ከተቋቋመ ጀምሮ ከቢሮዎ ወጥቶ በተግባር የዋለ መመሪያ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ስለሆነም ከልብ አመሰግናለሁ። ሠራሁት።

፪. የማዕከሉ ዋይፋይ ለሠራተኛ ብቻ መሆኑን፣ ሠራተኞቹም ኳስ እያዩበት ሳለ፣ በትሕትና ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ።

፫. ስለ ትዕግሥት ትምህርት።

ደብረ ታቦር ስልክ የሚጠግን አዩብ የሚባል የአጎቴ ልጅ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር አስቤአለሁ ብዬ ስደውልለት አልሳቀም፤ በእጁ ያሉትን ዕቃዎች ይቆጥርልኝ ጀመር። «ይቻላል» አለኝ በመጨረሻ። «ማክ ውስጥ ያለው ዕቃ እኮ ሌላው ኮምፒውተር ውስጥ ካለው ብዙም አይለይም። ፕሮግራሙ ሌላ ቤት አልገባም ስለሚል ነው። የሚያግባባ አስነሺ ፕሮግራም አለ።» መንገዱ በተከፈተ ሰሞን ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ማዘርቦርድና ሁሉን የሚያሰላውን ሰባተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር፣ እንዲሁም ሙሉ የማክ መጫኛ ያለበት ፍላሽ በሚኒባስ ላከልኝ። ሳጥኑን ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት አገኘሁ። የቀረውን ከራሴ ኮምፒውተር ፈታሁ፤ ይኸውም መተዳደሪያዬን ፈታሁ ማለት ነው። የጀመርኩት ካልተሳካ የሠርግ ሥራም አይኖረኝም።

ብዙ ተነሥቶ ብዙ ከወደቀ በኋላ ማክ ተጫነ። ደስታዬ ግን አልቆየም። መስኮቱን በማውዝ ስጎትተው ጭቃ ውስጥ እንደገባ ባጃጅ ይንገታገታል። ቪዲዮ ስከፍት ድምፁ ሄዶ ሄዶ ምስሉ እዚያው ነው። የማቀናበሪያውን ፕሮግራም ስነካው ጭራሽ «በዚህ ኮምፒውተር ላይ አልከፈትም» አለኝ። የጎደለው ግራፊክስ አክስለሬሽን ነበር።

ለማያውቀው ሰው ላስረዳ። ኮምፒውተር ውስጥ ሁሉን የሚያሰላ አንድ አንጎል አለ፤ ሥዕል ብቻ የሚሥል ሌላ ክፍል ደግሞ አለ። የሥዕሉን ሥራ ሁለተኛው ክፍል ሲቀበለው ግራፊክስ አክስለሬሽን አለ ይባላል፤ ሁሉም ይፈጥናል። ሳይቀበለው ሲቀር ዋናው አንጎል እያንዳንዷን ነጥብ ራሱ ካልሣልኩ ብሎ ሲባትል ይውላል፤ ምንም ሥራ ከበሩ አይወጣም። ይህ የገባዎ ይመስለኛል ክቡር ሆይ፤ ከማብራሪያ ይልቅ በልምድ የሚታወቅ ነገር ነው።

አዩብ በመጀመሪያ ከአንድ ጌም ከሚጫወት ወዳጁ የለመነውን ትልቅ የግራፊክስ ካርድ ላከልኝ። ያማረ ካርድ ነበር። አዲሱ የማክ ፕሮግራም ግን የዚያን ካርድ ዘር ከነጭራሹ አያውቀውም፤ አልጠቀመንም፤ መልሼ ላክሁለት። የቀረን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱ ያለችው ትንሿ የምስል ክፍል ነበረች። እሷን ማክ እንዲቀበላት ከተፈለገ በአስነሺው ፕሮግራም ማስተካከያ ውስጥ የምትታወቅበት መለያ ቁጥር መጻፍ አለበት። አዩብ በስልክ አነበበልኝ፤ «አምሳ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ ሁሉም ዜሮ።» ጻፍኩ። አስነሣሁ። ያው ባጃጅ፣ ያው ጭቃ። እንደገና ደወልኩ፣ እንደገና አነበበ፣ እንደገና ጻፍኩ። ስልኩ ተቋረጠ፤ ኔትወርኩም ሄደ።

በዚያ መሃል ባንቺዓለም በየቀኑ ከገበያ ስትመለስ ብቅ ትላለች። «እንዴት ሆነ?» ትላለች። «እየሆነ ነው» እላታለሁ። ሁለታችንም እንዳልሆነ እናውቃለን። የሙት ዓመቱ ቀን እየቀረበ ነበር፤ ከእስቴና ከስማዳ የተነሡ ደቀ መዛሙርት መንገድ ጀምረዋል መባሉን ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ያዘነችውን ሴት በማይሆን ተስፋ የያዝኳት መስሎ ይሰማኝ ነበር። ግን እርስዎ ከት ብለው የሳቁት ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ስለነበረ መተው አልቻልኩም። ለዚህም አመሰግናለሁ፤ ጥሩ ማገዶ ሆኖኛል።

ኢንተርኔቱ ተመልሶ ሲመጣ ሌሎች እንደኔ የተቸገሩ ሰዎች የጻፉትን ሁሉ ስልኬ ላይ እየጫንኩ ማንበብ ያዝኩ። አንዱ እንደ ዋዛ ጣል አድርጎት ያለፈው ዐረፍተ ነገር ነው ያዳነኝ። ቁጥሩ በዚያ ማስተካከያ ውስጥ የሚጻፈው እንደሚነበብ አይደለም። ሁለት ሁለቱን አሃዝ እየያዙ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ዜሮዎቹ ይቀድማሉ፣ አሥራ ሁለት ይከተላል፣ አምሳ ዘጠኝ ጅራት ይሆናል። አዩብም አልተሳሳተም፣ እኔም አልተሳሳትኩም፤ ሁለታችንም ቀጥ አድርገን አነበብነው እንጂ።

ገልብጬ ጻፍኩት። አስነሣሁት። የማክ ምልክት የሆነችው ፖም መጣች፣ ከሥሯ ያለችው የመነሻ መስመር እስከ ግማሽ ሞላች፣ ከዚያ ስክሪኑ ድርግም አለ። ጥቁር። ደግሜ አስነሣሁት፤ ያው ጥቁር። ቀድሞ ቢያንስ እየተንገታገተም ያሳየኝ ነበር፤ አሁን ያንንም አጣሁ። ባንቺዓለም ከኋላዬ ቆማ ነበር። እኔ ጠረጴዛው ላይ ግንባሬን ደፋሁና በክንዴ የኪቦርዱን የድምፅ መጨመሪያ ሳላውቅ ተጫንኩት። ከስፒከሩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ወጣ።

«ሀጂራ» አለችኝ፤ «ይሄ ነገር እኮ ድምፅ አለው።»

ቀና አልኩ። እንደገና ተጫንኩ። ጠቅ፣ ጠቅ። ኮምፒውተሩ አልሞተም፤ ተነሥቶ፣ ሥራውን ጀምሮ፣ የሚያሳይበት አጥቶ ተቀምጧል። ዓይኔ ወደ አሮጌው ሞኒተሬና ጫፉ ሰማያዊ ወደሆነው ኬብሉ ሄደ። አዲሱ የማክ ፕሮግራም በዚህ ትውልድ ፕሮሰሰር ላይ በዚያ በአሮጌው ኬብል ምስል መላክ ትቷል፤ ይህንንም አንብቤው ነበር፣ ለእኔ የተጻፈ ሳይመስለኝ አለፍኩት። የምስሉ ክፍል በትክክል ሥራ ሲጀምር ነው ያ ኬብል የጨለመው። ስክሪኑ የጠፋው ስለተሳሳትኩ ሳይሆን ስለተሳካልኝ ነበር!

፬. የማዕከሉን ስክሪን ስለከለከሉኝ።

ኤችዲኤምአይ የሚባለውን አዲሱን ኬብል የሚቀበል ስክሪን ፍለጋ ስንነሣ እኔ እርስዎ ዘንድ ሰው ልኬ ነበር፤ «ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። ፈቅደውልኝ ቢሆን ኖሮ ከዚህ በታች ያለው አይሆንም ነበርና በተለየ ሁኔታ አመሰግናለሁ።

አጎቴ ጀላል ሻይ ቤቱ ውስጥ ኳስ የሚያሳይበት ትልቅ ቴሌቪዥን አለው። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ባንቺዓለም ዲስኩን በእቅፏ ይዛ፣ በባጃጅ ሄድን። የገበያ ቀን ነበር፤ ቤቱ ጨዋታ በሚጠብቅ ሰው ጢም ብሏል።

«አጎቴ፣ ቴሌቪዥኑን ትንሽ አውሰኝ።»

ጀላል ሰዉን አየ፣ እኔን አየ፣ የባንቺዓለምን ጥቁር ልብስ አየ። «ጨዋታው ሳይጀምር ጨርሺ» አለኝ።

ኬብሉን ሰካሁ። ባንቺዓለም ማብሪያውን ራሷ ተጫነችው። መስመሯ ሞላች። ስክሪኑ ጨለመ። ከዚያ ግድግዳው ሁሉ በብርሃን ተሞላ። መስኮቱን ያዝ አድርጌ ስጎትተው እንደ ውሃ ፈሰሰ። የማቀናበሪያውን ፕሮግራም ነካሁት፤ ያለ አንዳች ማጉረምረም ተከፈተ። ዲስኩን ሰካን። የልመንህ ሥራ ከነቅደም ተከተሉ፣ ከነፍቺው፣ እንዳስቀመጠው ተዘርግቶ ታየ። ማጫወቻውን ተጫንኩ።

የኔታ ግድግዳውን ሞልተው ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ከከንፈራቸው ጋር አንዲት ትንፋሽ እንኳ ሳይለያይ ወጣ።

በሩ አጠገብ የእህል ጆንያ ይዘው የቆሙ ማሬ የሚባሉ አንድ ገበሬ «ይሄ እኮ የኔታ ናቸው!» ብለው ጮኹ፤ ጆንያውን መሬት ጣል አድርገው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከመሃል አንድ ወጣት «ጨዋታው ተጀመረ እኮ!» ሲል ጀላል «ጨዋታ ነገም አለ፤ ተቀመጥ» አለው። ልጁም ተቀመጠ። እውነቱን ለመናገር ሁሉም አልተደሰተም፤ ሁለት ሦስቱ እያጉረመረሙ ወጥተዋል። የቀሩት ግን ቀሩ። ዜማው ሲያበቃ የኔታ ከካሜራው ጀርባ ወዳለው ሰው ዞረው «ልመንህ፣ ደከመህ?» ሲሉ፣ የማይታየው ልመንህ ደግሞ «የለም የኔታ፣ ይቀጥሉ» ሲል ተሰማ። ባንቺዓለም ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ድምፁን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። እኔ ማቆም እንዳለብኝ ጠየቅኋት። «አታቁሚው» አለችኝ።

ምስጋናዬን በቁጥር መደርደሩን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ ክቡር ሆይ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ምስጋና የእርስዎ አይደለም።

ፊልሙ ለሙት ዓመቱ ደረሰ። ጀላል ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ነቅሎ አበደረን፣ ጄኔሬተር ከወዳጆች ተገኘ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ሜዳ ላይ ድንኳን ተተከለ። ደቀ መዛሙርቱ አንዳንዶቹ በእግር፣ አንዳንዶቹ በጭነት መኪና ከየአቅጣጫው መጥተው ነበር። የኔታን የተኩት መሪጌታ ፈንታ ከፊት ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲያበቃ አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ከሰማሁት ብዙ ስላልቆየ ቀና ብዬ ቆምኩ። «የመሕቡብ ልጅ ሀጂራ ነኝ» አልኳቸው።

«አባትሽን አውቀዋለሁ። እንግዲህ ሀጂራ፣ አንድ ቦታ ላይ ከሥር የሚሄደው ጽሑፍ ቀድሟል፤ ዜማው ሳይደርስበት አልፏል። ብታስተካክይው መልካም ነው።»

እውነታቸውን ነበር፤ ፊልሙን ከፕሮግራሙ ሳወጣው የሆነ ቦታ ተዛንፏል። እዚያው ሜዳ ላይ፣ እሳቸው እያመለከቱኝ፣ አስተካከልኩት። «አሁን ቀና» ብለው መረቁኝ። የዚህ ሁሉ ሥራ ደመወዝ ይህ ነው፤ ተከፍሎኛል።

ታዲያ በማግስቱ ማዕከልዎ «በማዕከላችን ያላሰለሰ ክትትልና ድጋፍ የየኔታ ገብረ ሚካኤል ቅርስ ለሕዝብ በቃ» የሚል ዜና አወጣ። ደስ ብሎን ሳንጨርስ ማስጠንቀቂያው ተከተለ። እዚህ ላይ ትንሽ ግራ ገብቶኛል፤ በድጋፍዎ የተሠራ ነገር ከሆነ ስለምን ያስጠነቅቁኛል? ለማንኛውም ለሦስቱም ነጥቦች መልስ አለኝ።

ኮምፒውተሩ «ሐሰተኛ ማክ» ነው ብለዋል። ልክ ነዎት። አንድም ቀን እውነተኛ ነው ብዬ አላውቅም፤ ሳጥኑ ላይ እስካሁን የኢንተርኔት ቤቱ ስም አለ። የፕሮግራሙ ባለቤቶች ከራሳቸው ማሽን ውጭ እንዳይጫን በውላቸው ጽፈዋል፤ ይህንንም አልደብቅም። ባለቤቶቹ ራሳቸው ከጠየቁኝ ለምን እንዳደረግኩት ለእነሱ እመልሳለሁ። እርስዎን ወኪል ማድረጋቸውን ግን አልሰማሁም። እውነተኛው ማክ ምን ሲሠራ እንደነበር ሲጠይቁኝም ያየሁትን እነግራቸዋለሁ።

ቅርሱን «ያለ ፈቃድ» አሳይተሻል ብለዋል። የኔታ ለልመንህ ፈቅደዋል፤ ፈቃዳቸው በገዛ ድምፃቸው ፊልሙ መጀመሪያ ላይ አለ። ባንቺዓለም ለእኔ ፈቅዳለች። መሪጌታ ፈንታና ደቀ መዛሙርቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው አይተዋል። ከዚህ በኋላ የቀረ ባለ ፈቃድ ካለ ስሙን ይጥቀሱልኝ።

ዲስኩን «ለጥበቃ» እንዳስረክብ አዝዘዋል። አላስረክብም። ዲስኩ የእኔ አይደለም፤ የባንቺዓለምና የልጆቿ ነው፤ እሷም አልሰጥም ብላለች። ሊጠበቅ የሚገባው ነገር ስለሆነ በሚገባ ጠብቀነዋል፤ ከሙት ዓመቱ የተመለሰ ደቀ መዝሙር ሁሉ ቅጂውን በስልኩና በፍላሹ ይዞ ወደ አገሩ ሄዷል። ዛሬ የየኔታ ድምፅ ወገዳም አለ፣ እስቴም አለ፣ እኔ ስሙን በማላውቀው ገጠርም አለ። ይህን ሁሉ ሰብስበው ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ከፈለጉ መንገዱ ሲከፈት መጀመር ይችላሉ።

ኮምፒውተሩንም አላፈርሰውም። ባንቺዓለም ካሜራ መያዝ እየተማረች ነው፤ እኔም አስተምራታለሁ። መሪጌታ ፈንታ በቅርቡ መቅረጽ እንድንጀምር ጠርተውናል፤ እንሄዳለን። ለዚህም የማንንም ደብዳቤ አንጠብቅም። ሱቄ የሚታሸግ ከሆነ በጀላል ቴሌቪዥን፣ እሱም ከተከለከለ በሜዳ ላይ እንሠራለን።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ላልሰጡኝ እርዳታ፣ ለሳቁብኝ ሳቅና ለለጠፉብኝ ማስጠንቀቂያ ያለኝን ወደር የለሽ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ጤናና ረጅም የሥልጣን ዘመን ከረጅም ስብሰባ ጋር እንዲሰጥዎ በመመኘት፣ መመሪያዎን ቃል በቃል የፈጸምኩ ትሑት አገልጋይዎ ነኝ።

ሀጂራ መሕቡብ
የቪዲዮ አቀናባሪ
ንፋስ መውጫ

ያልጨረስኩት ነገር፦ ይህን ጽፌ ፊርማዬን ሳኖር የማዕከልዎ ባልደረባ አቶ አስማረ ሱቄን እንዲያሽግ ልከውት የማሸጊያ ፕላስተር ይዞ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ሰላምታ ሰጠኝ። ከማሸጉ በፊት «የተባለው ፊልም የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝና አሳየሁት። የኔታ ፊት ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ታናሽ ወንድሙን አየው፤ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ያላየው ወንድሙን። መልሼ መልሼ አሳየሁት። ሲወጣ ቅጂውን በፍላሽ ይዞ፣ ፕላስተሩን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶት ሄዷል። የማዕከሉ ንብረት ስለሆነ እንዳይጠፋ አስቀምጬልዎታለሁ። መጥተው መውሰድ ይችላሉ፤ ሱቄ ክፍት ነው።